ሲበሉ የሚያይ ዓይን

ስሙማ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! የዛሬው ወሬ ከኮሶዬ ይነሣና ዳባት ገብቶ ያድራል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ እኔም ዛሬ እንደ መንገዱ ነኝና ታገሡኝ።

ኮሶዬን ያላያችሁ ካላችሁ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄዳችሁ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሳትደርሱ፣ ደጋው ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። ጠርዙ ላይ ቆሞ ቁልቁል ላየ ሰው ቆላው ዓይን እስከሚደርስበት ተዘርግቷል። ጠዋት ጉሙ ከሥር ተነሥቶ ሁሉን ይውጠዋል። ረፋዱ ላይ ሲገለጥ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣሩ ላይ ናቸው። ሌሊቱን አውሬ በማይደርስበት ቋጥኝ አድረው ቀኑን ሜዳ ላይ ይውላሉ፤ የውሏቸው ዋና ሥራ መብላት ነው።

እስቲ ከመካከላቸው አንዷን ለይታችሁ እዩልኝ። ልጇ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል። እሷ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሣሩን ይነጫል፣ ግራው ይከተላል፣ ቀኙ ይደግማል። የነጨችውን ወዲያው አትጎርስም፤ መዳፏ ውስጥ ታከማቸዋለች፤ እፍኟ ሲሞላ አንዴ ወደ አፏ ትልከዋለች። ፊት ለፊቷ ያለው ሲያልቅባት ብድግ አትልም፣ በቂጧ ተንፏቅቃ ጠጋ ትላለች። በጋ ገብቶ ሣሩ ሲደርቅ ደግሞ በዚያው ጣቷ መሬቱን ጭራ ሥር ታወጣለች። ከዝንጀሮ ወገን ኑሮውን እንዲህ በሣር ላይ ያቆመ ሌላ የለም፤ አገሯም ኢትዮጵያ ብቻ ናት። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቃት፤ ለዚህ አገር፣ ለወገራ ገበሬ ግን ያኔም የቆየች ጎረቤቱ ነበረች።

ጎረቤት ስል በደህና ቀን ነው። ገብስ ሲያሸት ጉርብትናው ይበላሻል። ስለዚህ ጭላዳ ምን በላች፣ መቼ በላች፣ በየት በኩል ገባች ብሎ ቀኑን ሙሉ የተከታተላት የመጀመሪያው ሰው ዲግሪ አልነበረውም፤ ወንጭፍ ነበረው። ማማ ላይ የተቀመጠው ልጅ መንጋው ሣር ሲግጥ ዝም ይላል፤ አንዷ ቀና ብላ ገብሱን ባየች ጊዜ ድንጋዩ ቀድሟት ይደርሳል። ይኼ ልጅ ያየውን ማንም አልጻፈለትም እንጂ ቢጻፍለት ኖሮ ጥሩ መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

የሚጽፉት በኋላ መጡ። ሮቢን ደንባርና ባለቤቱ ፓትሲ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በሰሜን ተራሮች ውስጥ ሳንቃበር ላይ ሰፈሩ። ብዙም ሳይቆይ በማሳኦ ካዋይ የሚመራ የጃፓን ቡድን እዚያው ተራሮች ላይ ወዳለው ግጭ ወጣ፤ ከቡድኑ ውስጥ ቶሺዮ ኢዋሞቶ ሥራዬ ብሎ የያዘው የጭላዳን አፍ ነበር፦ ስንት ጊዜ ነጨች፣ ስንት ጊዜ ጎረሰች፣ የጎረሰችው ምን ያህል ኃይል ይሰጣታል? እ.ኤ.አ. በ1983 እሱና ደንባር የደረሱበትን አንድ ላይ አሳተሙ። ግጭ ከሳንቃበር ይበርዳል፤ ሳንቃበር ደግሞ በሸዋ በኩል ቦሌ ከሚባለው ሸለቆ ይበርዳል። ብርዱ በበረታ ቁጥር ጭላዳዋ ከቀኗ ላይ ለመብል የምትቆርሰው ሰዓትም እየጨመረ ይሄዳል፤ ገላዋን የምታሞቀው በሣር ነዋ! እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ደግሞ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ጃሲንታ ቢነርና ቶር በርግማን የመሠረቱት የምርምር ፕሮጀክት እያንዳንዷን ጭላዳ በመልኳ ለይቶ፣ ትውልድ ቆጥሮ ሲከታተል ኖሯል።

ይህ ሁሉ በአብዛኛው የተሠራው በዓይን፣ በሰዓትና በደብተር ነው። አንዷን መርጠህ ለተወሰነ ደቂቃ ታያለህ፣ ትጽፋለህ፣ ወደ ሌላዋ ትዞራለህ። ጉም ሲወርድ ሥራ የለም። ሦስት መቶ አራት መቶ ሆነው ሜዳውን ሲሞሉት አንድ ሰው ሁለት ዓይን ብቻ ነው ያለው። በዚያ ላይ ዓይን ይደክማል፤ ይባስ ብሎ ደስ ወዳለው ይሄዳል። ወንዶቹ ጎፈራቸውን ነስንሰው ሲጣሉ ዝም ብላ ሣር የምትነጨውን ማን ያያል?

እንግዲህ ካሜራው የገባው በዚህ ክፍተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 እነ ቤንጃሚን ኮገር፣ ብሌር ኮስቴሎና ኢየን ካዝን፣ ማዕከላቸው ጀርመን የሆነ ተመራማሪዎች፣ የኢትዮጵያን ጭላዳና የኬንያን የሜዳ አህያ በድሮን ቀርጸው ለኮምፒውተር የሰጡበትን ሥራ አሳተሙ። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮኑ ከላይ ሆኖ መንጋውን ይቀርጻል። መጀመሪያ ሰው ቁጭ ብሎ በብዙ ፎቶ ላይ በእያንዳንዱ እንስሳ ዙሪያ ሣጥን እየሣለ ‹ይኼ ጭላዳ ነው› ይላል። ማሽኑ ከዚያ ተምሮ የቀረውን ራሱ ይስላል። ቀጥሎ አንዷን ከአንዱ ምስል ወደሚቀጥለው እየተከተለ መንገዷን ያወጣል። ድሮኑ ራሱ በነፋስ ስለሚዋዥቅ የመሬቱን ወጣ ገባ ካርታ ሠርተው የእሱን እንቅስቃሴ ከእሷ እንቅስቃሴ ይቀንሱታል። መጨረሻ ላይ የምታገኙት፣ መንጋው በሙሉ በየትኛው ቅጽበት የት እንደነበረ፣ ወደየት እንደዞረ፣ ከማን ምን ያህል እንደራቀ፣ የረገጠው መሬት ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። አንድም ጭላዳ አልታሰረችም፤ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ ነገርም የለም።

አፏ የገባው የትኛው ሣር እንደሆነ ግን ከሰማይ አይታይም። ለዚህ አሁንም ሰው ቀርቦ መቀመጥ አለበት። ቢሆንም ዓይን የማይችለውን ማሽኑ ችሏል፦ ማንንም ሳያዳላ መንጋውን በሙሉ ባንዴ ያያል። እኔ በዚህ ላይ ተቃውሞ የለኝም። ድሮኑ ፈቃድ ይዞ ከበረረ፣ እንስሳቱንም ካላስበረገገ፣ ይቅረጽ። ጭላዳ እንደሆነች እጇን ታጥባ፣ ተጋርዳ አትበላ!

ሰው ግን ተጋርዶ ይበላል። ወሬው የሚከብደው ከዚህ ወዲህ ነው።

በእኛ አገር የሰው አፍ ዝም ተብሎ አይታይም። ጎንደር ነገሥታት በነበሩባት ጊዜ ንጉሥ በመጋረጃ ውስጥ ይበላ ነበር። ታላቅ ሰው ጠጅ ሊጠጣ ዋንጫ ሲያነሣ አሽከሩ ኩታውን ዘርግቶ ይጋርደዋል፤ ጠጥቶ እስኪጨርስ ፊቱን የሚያይ የለም። ዛሬም ገጠር ብትገቡ አራስ ገንፎዋን ስትበላ ትሸፈናለች፤ እናት ልጇን ስታጠባ ነጠላዋን ጣል ታደርግበታለች። ቡዳ እንዳያየው ነው። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1974 ይህንኑ የአማራን የቡዳ እምነት ጽፎታል። ደግሞ እምነቱን አሽሞንሙኜ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። በዚሁ በእኛ መንገድ፣ ከጎንደር ጥቂት ወጣ ብላ ወለቃ አለች፤ ቤተ እስራኤል ሸክላ ይሠሩባት የነበረችው መንደር። ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ‹ዓይኑ ይበላል› እያለ ያሳደደው ይኸው እምነት ነው። ግፍ ነበረበት። ግን ከግፉ ጎን ሌላም ነገር አለ፤ ሲበላ የሚታይ ሰው ደካማ ጎኑ ተገልጧል፣ ስለዚህ ዞር በሉለት የሚል ጨዋነት። ያ ጨዋነት ቡዳን በማያምነውም ሰው ዘንድ አለ።

አሁን ዳባት ገባን። ዳባት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕዝብና የጤና ክትትል ማዕከል አላት፤ የመሠረተው ያኔ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የነበረው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገር ለቀቀ እየተባለ ቤት ለቤት ይመዘገባል። በዚሁ ላይ ተመርኩዘው ስለ ሕፃናትና ስለ እናቶች ምግብ ብዙ ጥናቶች ተሠርተዋል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ‹ልጁ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላ?› እናት ትመልሳለች፣ ጠያቂው ምልክት ያደርጋል። በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ መለኪያ የእናት ጡትን ጨምሮ ከ8ቱ የምግብ ምድቦች 5ቱን ያገኘ ሕፃን ደህና ተብሎ ይቆጠራል። በ2011 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ብሔራዊ የምግብ ፍጆታ ጥናትም መሠረቱ የ24 ሰዓት ትውስታ ነበር።

ትውስታ! እስቲ እናንተ ትናንት የበላችሁትን ንገሩኝ። እንጀራውንስ ታስታውሳላችሁ። ከኪሳችሁ እየዘገናችሁ የቆረጠማችሁት የገብስ ቆሎ ስንት እፍኝ ነበር? ጠላስ? ባለቤቲቱ ዋንጫው ሳይጎድል እየመጣች ‹ጨምሩ፣ በሞቴ!› ስትል፣ የአንድ ዋንጫ መጀመሪያና መጨረሻ የቱ ጋ ነው? ወጥ ስታማስል መዳፏ ላይ ጠብ እያደረገች የቀመሰችውስ? ጠያቂው የመጣው ሐሙስ ከሆነ ደግሞ ‹ትናንት› ረቡዕ ነው፤ ጾም። ወተትና ሥጋ የለም ተብሎ ይጻፋል፤ ቅቤዋ ግን ቅሉ ውስጥ ሐሙስን እየጠበቀች ነበር።

በዚህ የተነሣ ሊቃውንቱ ‹ሰው ይረሳል፣ ያፍራል፣ ይደብቃልም፤ ካሜራ ግን አይረሳም› አሉ። ማይክሮሶፍት አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ በየጥቂት ሰከንዱ ራሱ ፎቶ የሚያነሣ ሴንስካም የሚባል ካሜራ ሠርቶ ነበር። ፒትስበርግ ላይ የእነ ሚንጉይ ሳን ቡድን እንደ ቁልፍ ደረት ላይ የሚሰካውን ኢበተን አወጣ። አላባማ ላይ ኤድዋርድ ሳዞኖቭ መነጽር ላይ የሚገጠመውን፣ ማኘክን የሚያውቀውን መሣሪያ አመጣ። ከዚያ ቢል እና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ሰጠና እነዚህ መሣሪያዎች አፍሪካ ገቡ፤ ጋናና ዩጋንዳ ውስጥ፣ እውነተኛ ቤተሰብ ቤት፣ እውነተኛ ወጥ ላይ ተሞከሩ። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅም በሥራው ነበረበት። ጥናቱ ኩራዝና ጭስ ወዳለበት ወጥ ቤት መግባቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሙከራ በአመዛኙ ሳህኑ ነጭ፣ መብራቱ ብሩህ፣ በላተኛው አንድ በሆነበት ቤት ነበር የሚደረገው። ኮምፒውተሩም የሚማረው ከዚያው ነው። በሙያው ዘንድ ስሙ የታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ 101 ዓይነት ምግብ የያዘ የ101,000 ፎቶ ስብስብ አለ። ሱሺ አለበት፣ ፒዛ አለበት። እንጀራ የለበትም። ለእንዲህ ያለ ማሽን የሽሮ ወጥ ምን እንደሚመስለው እሱ ይወቀው።

የጋራ ገበታስ? እሱንም አስበውበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኢምፔሪያል ኮሌጁ ጂያኒንግ ቺውና ባልደረቦቹ ዙሪያውን ባንዴ የሚያይ ካሜራ ገበታው መሐል አስቀመጡ። ካሜራው በላተኞቹን ያያል፣ ሳህኖቹን ያያል፣ እጆቹን ያያል፤ የትኛው እጅ ወደ የትኛው ሳህን እንደሄደ፣ እጁም የማን እንደሆነ አገናኝቶ ለእያንዳንዱ ሰው ድርሻውን ያሰላል። ብልህ ሐሳብ ነው። ይህን ካሜራ አምጥተን ዳባት አንድ መሶብ መሐል እናስቀምጠው እንበል።

አንድ እንጀራ ተዘርግቷል፤ አራት ሰው ከቦታል። ወጡ መሐል ላይ ነው፤ ከፊት ለፊት መቁረስ ወግ ስለሆነ ማሽኑ እስከዚህ ድረስ ይደሰታል፤ የእያንዳንዱ ድንበር ይታያል። ከዚያ አያት ከእንጀራው ይቆርሳሉ፣ ወጡን ይጠቀልላሉ፣ ከአውራ ዶሮው ላይ ደህናዋን ሥጋ ይፈለቅቃሉ፣ እጃቸው በመሶቡ ላይ ያልፍና ልጅ አፍ ውስጥ ይገባል። እጁ የአያት ነው፣ አፉ የልጁ ነው። ማሽኑ ለማን ይጻፈው? ልጁ ‹በቃኝ› ሲል ‹አንድ ያጣላል› ተብሎ ሁለተኛው ይመጣል። ጉርሻውን ለእጁ ባለቤት ከጻፉት አያት ብዙ የበሉ ልጁ የተራበ ይሆናል፤ ምናልባትም በምግብ እጥረት የተመዘገበው ልጅ ከሁሉ የተሻለውን የበላው ነው። ማሽኑ አፍ እንዲከተል ማስተማር ይቻላል፣ አይቻልም አልልም። ግን እጅና አፍ የአንድ ሰው ናቸው ብሎ የተነሣ ሥራ እኛ ቤት ሲገባ ከሥሩ እንደገና መሠራት አለበት።

መጠጡ ይብሳል። ብርጭቆ ቢሆን ውስጡ ይታያል፤ ምን ያህል እንደጎደለ ይለካል። ጠላ በቀንድ ዋንጫና በጣሳ ነው የሚቀዳው። ከውጭ የሚያይ ካሜራ የሚያውቀው ክንድ መነሣቱን ብቻ ነው፤ አፉን እያስነካ የሚያስቀምጠውንና ትንፋሽ ሳይወስድ የሚጨልጠውን አይለያቸውም።

ይህ ሁሉ ግን የቴክኒክ ነገር ነው፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ይፈታል። የማይፈታው ሌላ ነው። መሶቡ መሐል ያለው ካሜራ አራት ሰው አየ። ቤቱ ውስጥ ያለው አምስት ነው። አምስተኛዋ ምድጃው ጋ ናት። ውኃ አስታጥባለች፣ እንጀራ ጨምራለች፣ ጠላ ቀድታለች፤ ሲጨርሱ መሶቡን አንሥታ፣ ከተረፈው ቁራሽ ላይ፣ ቆማ ወይ ዱካዋ ላይ ቁጭ ብላ ትቀምሳለች። ከቤቱ ሁሉ ምግቧ ሊታወቅ የሚገባው፣ ነፍሰ ጡር ብትሆን ደግሞ በእጥፍ የሚገባው፣ የእሷ ነበር። ጥያቄ ሲጠየቅም ‹በላሁ› ትላለች፤ መብላቷ ውሸት አይደለም። እሷን ሊያይ የሚችለው ደረቷ ላይ ተሰክቶ ቀኑን ሙሉ አብሯት የሚውለው ካሜራ ነው። እሱ ደግሞ አብሯት ልጅ ያጠባል፣ አብሯት ጎረቤት ቡና ይጠጣል፣ የጎረቤቷን ገመናም ይዞ ይመጣል። አራሷም ያው ናት። ጥናቱ ከሁሉ አብልጦ ሊያያቸው የሚፈልጋቸው፣ አገሩ ከሁሉ አብልጦ የሚሸፍናቸው ናቸው። ይህን ቋጠሮ በተሻለ ሌንስ የሚፈታው የለም።

ታዲያ ይቅር? አልልም። የሴት ረሃብ ‹በላሁ› በሚል ቃል ተሸፍኖ ስንት ዘመን ኖሯል፤ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ሕግም ቢሆን አሁን አለን፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃም ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ተቆጥሯል። ግን አዋጁ አዲስ አበባ ነው፣ ምድጃው ዳባት ነው። በመካከላቸው ያለው ቅጹን ይዞ በር የሚያንኳኳው ወጣት ነው፤ በአብዛኛውም የሚያስፈርመው አባወራውን ነው። ‹ይቻላል፣ ቅረጹ› ይላል አባወራው። የሚቀረጸው የእሷ ጓዳ!

እንግዲህ ይህን ሥራ ዳባትም ሆነ ደባርቅ ይዛችሁ ለመምጣት የምታስቡ ተመራማሪዎች ካላችሁ፣ ቃሌን ስሙኝ። ፈቃዱን ከእሷ፣ ባሏ በሌለበት፣ በገዛ ቋንቋዋ ጠይቁ። የተነሣውን ፎቶ ማታ ራሷ አይታ ያልፈለገችውን ታጥፋ፤ ከእሷ በፊት ማንም አይየው። ልጅ ስታጠባና አራስ ስትጠይቅ ካሜራውን የምታጠፋበትን ቁልፍ እጇ ላይ ስጧት፤ ‹መረጃው ይጎድላል› አትበሉ፣ ይጉደል። እንቢ ካለችም ሚዛንና ደብተር ይዛችሁ ከጎኗ ተቀመጡ። ከጭላዳ ጎን እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ቁጭ ብለን ያሳለፍነው ያህል ጊዜ ለእሷም አይጠፋም።